በብልቃጥ የማይቆይ ቀለም

ነሲም በዐረብኛ ለስለስ ያለ ነፋሻ አየር ማለት ነው። በሪያድ ከተማ ምሥራቃዊ ክፍል የሚገኘው፣ ምሥራቅ ነሲምና ምዕራብ ነሲም ተብሎ ለሁለት የተከፈለው ሰፈር ይህን ስም ቢይዝም የባሕር ነፋስ ግን አይደርሰውም። ሪያድ ከባሕር ወለል በላይ 600 ሜትር ገደማ ከፍ ባለ ደረቅ አምባ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በስተምሥራቅ የሚገኘው የሰላጤው ዳርቻ 400 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በስተምዕራብ የሚገኘው ቀይ ባሕር ደግሞ እስከ ጅዳ ድረስ በመኪና መንገድ 950 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል።

በዚህች ከተማ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ግን የቀይ ባሕር ርቀት በኪሎ ሜትር ብቻ የሚለካ አይደለም። አንዳንዱ ባሕሩን የሚያውቀው ከአውሮፕላን መስኮት ቁልቁል ሲመለከተው ነው። ሌላው ደግሞ በሌሊት፣ በተጨናነቀ ጀልባ፣ ነፍሱን ለፈጣሪ አደራ ሰጥቶ ተሻግሮታል። ወጥቶ የቀረ ወንድም፣ እኅት ወይም የአገር ልጅ ያለው ቤተሰብም ጥቂት አይደለም። በዚህ ምክንያት የባሕሩ ስም በተነሣ ቁጥር ቀድሞ የሚመጣው ሐዘን ነው። ይህን ሐዘን የሚያስረሳ ነገር የለም። ይሁን እንጂ ያ ባሕር በሆዱ ምን እንደያዘ ማወቅ ከማንም ባልተናነሰ ለእኛም የሚገባ ነገር ነው።

ቀይ ባሕር ከ300 በላይ የኮራል ዝርያዎች የሚገኙበት፣ ከዓለም ባሕሮች ሁሉ ጨዋማና ሞቃት ከሚባሉት አንዱ ነው። በኮራሎቹ መካከል ትላልቅ ዓሦችን ብቻ የሚፈልግ ዐይን ልብ ሳይል የሚያልፋቸው ጥቃቅን ፍጥረታት ይኖራሉ። ከእነዚህም አንዳንዶቹ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጡ፣ አብዛኞቹም ከአውራ ጣት የማይረዝሙ የባሕር ቀንድ አውጣዎች ናቸው። በየብስ ከምናውቀው ቀንድ አውጣ ጋር የሥጋ ዝምድና አላቸው፤ ልዩነታቸው ዛጎላቸውን መጣላቸው ነው። ከእንቁላል ሲፈለፈሉ ትንሽ ዛጎል ይዘው ይወጣሉ፤ ሲያድጉ ግን ይተዉታል። የመተንፈሻ ስንጥባቸውም በብዙዎቹ ዘንድ እንደ አበባ ቅጠል ተዘርግቶ ከጀርባቸው ላይ በግልጽ ይታያል። ሳይንስ የሰጣቸው ስም፣ ኑዲብራንክ፣ «ስንጥበ እርቃን» ማለት ከዚህ የመጣ ነው። እስካሁን ከ3 ሺህ በላይ ዝርያዎቻቸው ታውቀዋል።

አማርኛው «ቀንድ አውጣ» የሚለው ስያሜ ለእነዚህ ፍጥረታት እጅግ ይስማማል። በራሳቸው ላይ ሁለት ቀንዶች ይታያሉ። ቀንዶቹ ለመውጊያ አይደሉም፤ ውሃው ይዞት የሚመጣውን የምግብና የተጓዳኝ ሽታ የሚለዩባቸው አፍንጫዎቻቸው ናቸው። ዐይኖቻቸው ግን ብርሃንን ከጨለማ ከመለየት ብዙም የማያልፉ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ናቸው። ሰማያዊው፣ ብርቱካናማው፣ ሐምራዊውና ወርቃማው ቀለም የተሠራው እንግዲህ ለባለቤቱ አይደለም። የባሕር ቀንድ አውጣ የገዛ ጌጡን አይቶ አያውቅም።

ታዲያ ጌጡ ለማን ነው? መልሱ ለጠላት ነው። ዛጎሉን የጣለ፣ በዝግታ የሚሳብ ለስላሳ ሥጋ በረሃብተኞች መካከል የሚኖረው በመርዝ ነው። ለምሳሌ በቀይ ባሕር ብቻ ከሚገኙት ዝርያዎች አንዱ ነው የሚባለው፣ ጠላቂዎች «የሌሊት ልብስ» እያሉ የሚጠሩት፣ ጥቁር፣ ሰማያዊ፣ ነጭና ብርቱካናማ መስመር ያለው ትንሽ ቀንድ አውጣ አለ። ይህ ፍጥረት የሚመገበው ቀይ የባሕር ስፖንጅ ነው። ስፖንጁ ላትራንኩሊን የተባለ ኃይለኛ መርዝ ያመርታል፤ ቀንድ አውጣው ግን መርዙን በልቶ አይሞትም፤ በቆዳው ውስጥ አኑሮ የራሱ መከላከያ ያደርገዋል። ደማቁ ቀለም «የበላኝ ይጸጸታል» የሚል ማስታወቂያ ነው። አንድ ጊዜ የቀመሰ ዓሣ ያንን ቀለም አይረሳውም። ይኸው ላትራንኩሊን ዛሬ በዓለም ዙሪያ ባሉ ቤተ ሙከራዎች የሕዋሳትን ውስጣዊ አውታር ለማጥናት ያገለግላል። ሌሎች የባሕር ቀንድ አውጣዎችም የሚበሏቸውን እንስሳት መንደፊያ ሕዋሳት ሳያበላሹ ወደ ጀርባቸው አሳልፈው የራሳቸው ጦር ያደርጓቸዋል።

እነዚህን ፍጥረታት ቀደም ብለው ያጠኑ አንዳንድ የአውሮፓ ሊቃውንት ታሪክ ከእኛ ምድር ጋር የተሳሰረ ነው። ጀርመናውያኑ ቪልሄልም ሄምፕሪሽና ክርስቲያን ኤረንበርግ እ.ኤ.አ ከ1820 ጀምሮ በግብፅ፣ በሲና፣ በዐረቢያና በቀይ ባሕር ዳርቻዎች ተዘዋውረው የዕፀዋትና የእንስሳት ናሙና ሲሰበስቡ ቆዩ። ሄምፕሪሽ ግን አገሩን ዳግመኛ አላየም። እ.ኤ.አ ሰኔ 30 ቀን 1825 በምጽዋ በንዳድ ሞተ። ገና ሠላሳ ዓመት አልሞላውም ነበር። ጓደኛውን የቀበረው ኤረንበርግ ወደ በርሊን ተመልሶ በጋራ የሰበሰቡትን ዐሳተመ፤ ካሳተማቸውም መካከል የቀይ ባሕር ቀንድ አውጣዎች ይገኙበታል።

ሁለተኛው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። የፍራንክፈርቱ ተወላጅ ሩፔል ስሙ ለኢትዮጵያውያን የእንስሳት ተመራማሪዎች እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ በ1831 በምጽዋ በኩል ገብቶ ሰሜን ተራሮችንና ጎንደርን የጎበኘ፣ ጭላዳን፣ ዋልያንና ቀይ ቀበሮን ለሳይንስ ያስተዋወቀ እርሱ ነው። ብዙ ጊዜ የማይነገረው ግን ከዚያ አስቀድሞ፣ በ1820ዎቹ፣ በቀይ ባሕር ያደረገው ሥራ ነው። ከባልደረባው ከሎይካርት ጋር ሆኖ ካስመዘገባቸው የባሕር ቀንድ አውጣዎች መካከል ከላይ የተጠቀሰው ባለ መስመሩና ከሁሉም የገዘፈው «የስፔን ዳንሰኛ» ይገኙበታል። የኋለኛው እስከ 40 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ፣ ደም የመሰለ ቀይ፣ በሌሊት የሚወጣ ፍጥረት ነው። ሲነኩት ወይም ሲደነግጥ የአካሉን ጠርዝ ዘርግቶ እንደ ሰፊ ቀሚስ እያርገበገበ ይዋኛል። የዛሬ ስያሜውን ያገኘውም በዚህ ውዝዋዜው ነው።

የእነዚያ ሊቃውንት ሁሉ ችግር አንድ ነበር። ወፍ ተገድሎ ቆዳው ሲደርቅ ላባው ቀለሙን ይዞ ይቆያል። የዋልያ ቀንድም በሙዚየም ግድግዳ ላይ መቶ ዓመት ያልፈዋል። የባሕር ቀንድ አውጣ ግን በአልኮል በተሞላ ብልቃጥ ውስጥ በገባ ጊዜ ይኮማተራል፤ ቀንዱንና ስንጥቡን ወደ ውስጥ ይሰበስባል፤ ቀለሙም ጥቂት ሳይቆይ ይለቃል። በብልቃጡ የሚቀረው ነጣ ያለ ጭብጥ ሥጋ ነው። በዚህ ምክንያት ዝርያዎችን ለይቶ ማወቅ የሚቻለው ፍጥረቱ በሕይወት ሳለ በተሣለ ሥዕልና በተጻፈ መግለጫ ብቻ ነበር። ሠዓሊው ካልፈጠነ ወይም ቀለሙን ካሳሳተ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጣው ተመራማሪ ብልቃጡን ከፍቶ የሚያረጋግጠው ነገር አያገኝም።

ድንጋይም አያስቀራቸውም። ከሪያድ በስተምዕራብ የሚዘረጋው የጡወይቅ ተራራ የኖራ ድንጋይ በጁራሲክ ዘመን የባሕር ወለል ነበር፤ ኮራልና የባሕር እንስሳት ዛጎል እስከ ዛሬ በድንጋዩ ውስጥ ይታያል። በአገራችንም የዓባይን ሸለቆ ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ በዚያው ዘመን ባሕር ያስቀመጠውን የኖራ ድንጋይ ያያል። ለስላሳ ሥጋ ብቻ የሆነ ፍጥረት ግን በድንጋይ ላይ ማኅተሙን ለመተው አይታደልም። ዛጎሉን የጣለ መታሰቢያውንም አብሮ የጣለ ያህል ነው።

ይህን ክፍተት የሞላው ካሜራ ነው። ከውሃ ውስጥ የመጀመሪያው ባለ ቀለም ፎቶግራፍ የተነሣው እ.ኤ.አ በ1926 በአሜሪካ ፍሎሪዳ አቅራቢያ ነው። ዊልያም ሎንግሊና ቻርልስ ማርቲን ውሃውን ለማብራት በላዩ ላይ በታንኳ ያንሳፈፉትን የማግኒዥየም ዱቄት ማቀጣጠል ነበረባቸው። ሥራው ለሕይወት የሚያሰጋ፣ የሚታየውም አንድ ዓሣ ብቻ ነበር። ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ በ1952 እና በ1953፣ በብሩኖ ቫይላቲ የተመራ የኢጣሊያ ቡድን ወደ ዳህላክ ደሴቶች ዘለቀ። ወጣቱ ፎልኮ ኩዊሊቺ በዚያ ያነሣው «ስድስተኛው አህጉር» የተሰኘ ፊልም እ.ኤ.አ በ1954 ለዕይታ ሲበቃ፣ በባሕር ውስጥ በቀለም ከተቀረጹት የመጀመሪያዎቹ ሙሉ ርዝመት ያላቸው ፊልሞች አንዱ ሆነ። ያኔ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ተቀላቅላ ነበር። የዳህላክ ውሃ ቀለም በአውሮፓ ሲኒማ ቤቶች ሲታይ፣ በደጋው የሚኖረው አብዛኛው ወገናችን ባሕሩን ጨርሶ አላየውም።

ጥቃቅኑን ፍጥረት አጉልቶ የማንሣት ሙያ ማክሮ ፎቶግራፍ ይባላል። በምስል መቀበያው ላይ የሚያርፈው ጥላ ከእውነተኛው አካል መጠን ጋር እኩል ሲሆን፣ ወይም ሲበልጥ፣ ማክሮ ተብሎ ይጠራል። ይህ በየብስም አስቸጋሪ ነው፤ በውሃ ውስጥ ግን ችግሩ ይደራረባል።

የመጀመሪያው ችግር ብርሃን ነው። ውሃ ቀለማትን በየተራ ይውጣል፤ ቀድሞ የሚጠፋው ቀይ ነው። በ10 ሜትር ጥልቀት አብዛኛው ቀይ ብርሃን ተውጦ አልቋል። ደም የመሰለው የስፔን ዳንሰኛ እዚያ ጥልቀት ላይ በፀሐይ ብርሃን ብቻ ቢታይ የጠቆረ ግራጫ ይመስላል። ስለዚህ ፎቶግራፍ አንሺው የራሱን ብርሃን፣ ውሃ የማያስገባ ፍላሽ፣ ይዞ ይወርዳል። ፍላሹ ከሌንሱ ጎን ፊት ለፊት ቢተኮስ በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፈው ብናኝ ሁሉ እንደ በረዶ ያበራና ምስሉን ያበላሸዋል። በረዣዥም ክንዶች ተይዞ ከጎንና ከጎን መብራት ያለበት ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ችግር ርቀት ነው። ሌንሱ በጣም ሲቀርብ በጥራት የሚታየው ውፍረት ወደ ጥቂት ሚሊ ሜትር ይወርዳል። የብርሃን መግቢያው ቀዳዳ እስከ ኤፍ 16 ወይም ከዚያ በላይ ቢጠብ እንኳ ቀንዱ ጠርቶ ስንጥቡ ሊደበዝዝ ይችላል። ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች ሌላው ቢደበዝዝም ቀንዶቹ መጥራት አለባቸው ይላሉ። የሰውን ፊት ስናነሣ ዐይኑን እንደምናስቀድም ሁሉ የቀንድ አውጣም ፊቱ ቀንዱ ነውና።

ሦስተኛውና ዋነኛው ችግር የአንሺው የገዛ አካል ነው። አሸዋ ላይ ቢቆም ውሃው ይደፈርሳል፤ ኮራል ቢጨብጥ ለዓመታት ያደገውን ይሰብራል። ሳይሰጥም፣ ሳይንሳፈፍ፣ በአየር ላይ እንደ ቆመ ጭልፊት በአንድ ቦታ ረግቶ መቆየት ይኖርበታል። አተነፋፈሱ እንኳ ከፍና ዝቅ ስለሚያደርገው ትንፋሹን ማለዘብ አለበት። ፍጥረቱ በቀርፋፋነቱ ለአንሺው ጊዜ ይሰጣል፤ አንሺው ግን ትዕግሥት ከሌለው ጊዜው አይጠቅመውም።

ሙያው የራሱ ሥነ ምግባር አለው። አንዳንዱ የተሻለ ጀርባ ፍለጋ ቀንድ አውጣውን አንሥቶ ሌላ ኮራል ላይ ያኖረዋል። ጉዳቱ ወዲያው አይታይም። ብዙዎቹ ዝርያዎች የሚበሉት አንድ ወይም ጥቂት ዓይነት ስፖንጅ ብቻ ነው፤ ዕድሜያቸውም ባብዛኛው ከአንድ ዓመት አይበልጥም። ከምግቡ የተነጠለ ፍጥረት ማዕዱን በሽታ ፈልጎ እስኪያገኝ ድረስ ይራባል፤ ተጓዳኙን የሚያገኝበት የጠበበ ጊዜም ያልፈዋል። ስለዚህ የሙያው ደንብ አጭር ነው፤ ባገኘኸው ቦታ አንሣው፣ ባገኘኸው ቦታ ተወው።

የምስሉ ጥቅም ግን ከውበት ያልፋል። ቢል ሩድማን የተባሉት የአውስትራሊያ ሙዚየም ተመራማሪ እ.ኤ.አ ከ1998 እስከ 2010 ከዓለም ዙሪያ ጠላቂዎች የሚልኩላቸውን የባሕር ቀንድ አውጣ ምስል እየተቀበሉ ማንነቱን ያስረዱ ነበር። ከላኪዎቹ አብዛኞቹ ሳይንቲስቶች አልነበሩም፤ በዕረፍት ቀናቸው የሚጠልቁ ተራ ሰዎች ነበሩ። እውቁ ፎቶግራፍ አንሺ ዴቪድ ዱቢሌ ደግሞ እ.ኤ.አ በ2008 በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ባወጡት ሥራ እያንዳንዱን ፍጥረት በነጭ መደብ ላይ አሳይተው ቀለሙ ብቻውን እንዲናገር አደረጉ። እ.ኤ.አ በ2023 የወጣ ጥናትም ከሁለት መቶ ዓመት ገደማ በፊት ሩፔል በመዘገበው ስም ሲጠራ የኖረው የስፔን ዳንሰኛ አንድ ዝርያ ሳይሆን የበርካታ ዝርያዎች ቤተሰብ መሆኑን አሳይቷል። ለእንዲህ ያለ ሥራ የዘር ቅንጣት ምርመራ ብቻውን አይበቃም፤ ፍጥረቱ በሕይወት ሳለ ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረው የሚመሰክር ምስልም ያስፈልጋል። ብልቃጡ ያልያዘውን ቀለም ፎቶግራፉ ይዞታል።

ምስክርነቱ ዛሬ ይበልጥ አስቸኳይ ሆኗል። እ.ኤ.አ በ2015 በማዕከላዊ ቀይ ባሕር፣ ከጅዳ በስተሰሜን በምትገኘው ቱወል አካባቢ፣ የውሃው ሙቀት ከመጠን ሲያልፍ በርካታ ኮራሎች ነጥተዋል። እ.ኤ.አ በ2024 ሚያዝያ ወር ደግሞ አራተኛው ዓለም አቀፍ የኮራል መንጣት መድረሱ በይፋ ተነግሯል። የሰሜናዊው ቀይ ባሕር ኮራል ሙቀትን በመቋቋም ቢታወቅም ለሁሉም ነገር ወሰን አለው። ኮራልና ስፖንጅ ሲጠፉ በእነርሱ የሚኖረው ጥቃቅን ፍጥረት አብሮ ይጠፋል። የጠፋውን ለመቁጠር ደግሞ የነበረውን ማወቅ ያስፈልጋል።

ከነሲም ተነሥቶ ይህን ዓለም ማየት ለሚሻ ሰው መንገዱ ዝግ አይደለም። የሳዑዲ ዐረቢያ የቀይ ባሕር ጠረፍ 1 ሺህ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፤ በጅዳና በያንቡም የጠላቂነት ትምህርት ይሰጣል። የመጀመሪያው ደረጃ ሥልጠና እስከ 18 ሜትር ለመውረድ ያበቃል፤ አብዛኞቹ የባሕር ቀንድ አውጣዎችም ከዚያ ባነሰ ጥልቀት ይገኛሉ። ሥልጠናው ፈቃድ ካለው ማዕከል መሆን አለበት፤ ከዚያ በፊትም የሳንባ፣ የልብና የጆሮ ጤንነትን በሐኪም ማረጋገጥ ያሻል። መዋኘት የማይችል ሰው በመዋኛ ገንዳ መጀመር ይኖርበታል።

የሪያድ ነዋሪ በተለይ ሊጠነቀቅበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። በጥልቀት በታመቀ አየር የተነፈሰ ሰው ናይትሮጅን በደሙ ውስጥ ይሟሟል። ወዲያው ወደ ከፍታ ቢወጣ ናይትሮጅኑ አረፋ ሆኖ መገጣጠሚያንና ነርቭን ይጎዳል። ዳን የተሰኘው የጠላቂዎች ደኅንነት ተቋም አንድ ጊዜ ብቻ የጠለቀ ሰው አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግሞ የጠለቀ ደግሞ ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲቆይ ይመክራል። «እኔ በመኪና ነው የምመለሰው» ብሎ መዘናጋትም አይገባም። ከጅዳ ወደ ሪያድ የሚወስደው መንገድ በ1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው ጣይፍ አካባቢ ያልፋል፤ ለጠላቂ ሰውነት ይህ ከበረራ የማይለይ አቀበት ነው። የዕረፍት ቀን ጥቂት የሆነለት ሠራተኛ መጨረሻውን ቀን ከውሃ ውጭ ለማሳለፍ አስቀድሞ ማቀድ አለበት።

ካሜራው ከዋናው ነገር በኋላ የሚመጣ ነው። ጀማሪ በመጀመሪያዎቹ ጠለቃዎች ካሜራ ባይዝ ይመረጣል፤ ሰውነቱን ሳይቆጣጠር ምስል የሚያሳድድ ሰው ራሱንም ኮራሉንም ይጎዳል። የማክሮን ጥበብ ግን ባሕር ሳይደርሱ መለማመድ ይቻላል። በነሲም መንገድ ዳር በአንዲት አበባ ላይ ያረፈች ንብ፣ በግድግዳ ሥር የምትሄድ ጉንዳን፣ ሌንስን ለማቅረብ፣ ትንፋሽን ለመቆጣጠርና ለመታገሥ በቂ አስተማሪ ናቸው።

በመጨረሻ አንድ የስም ጉዳይ አለ። ሩፔል ወደ ተራሮቻችን በመጣ ጊዜ ጭላዳንና ዋልያን ለዓለም ሲያስተዋውቅ ሳይንሳዊ ስማቸውን የወሰደው ከአገሬው አፍ ነው። ሕዝቡ እንስሳቱን አይቶ፣ ለይቶ፣ ሰይሟቸው ስለነበር ዛሬም በየትኛውም ቋንቋ የተጻፈ የሳይንስ መጽሐፍ የእኛን ቃል ይዞ ይገኛል። ያው ሰው ከባሕር ላወጣቸው ፍጥረታት ግን ስም የፈለገው ከላቲንና ከግሪክ ነው። ሰው ስም የሚያወጣው ለተመለከተው ነገር ነው። የባሕሩን ወለል ጎንበስ ብሎ ያየ፣ ያየውንም በምስል ይዞ በአማርኛ የተረከ ሰው በተገኘ ጊዜ፣ እነዚያ ባለ ቀለም ቀንድ አውጣዎች በቋንቋችን የየራሳቸውን ስም ያገኛሉ።